የጨጓራ ካንሰር በየአህጉሩ፦ የት ይበዛል፣ የት ቀነሰ፣ ለምን?

ናሪኞ በደቡብ ምዕራብ ኮሎምቢያ፣ ከኢኳዶር ድንበር አጠገብ የምትገኝ ክፍለ ሀገር ናት። ምሥራቃዊ ክፍሏ በአንዲስ ተራሮች ላይ ስለተዘረጋ፣ ቱከሬስ የተባለችው ከተማ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ምዕራባዊ ክፍሏ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ከምትገኘው ከወደቧ ከተማ ከቱማኮ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም በተራራው ላይ ከሚኖሩ 100,000 ሰዎች መካከል በየዓመቱ 150 ያህሉ በጨጓራ ካንሰር እንደሚያዙ ሲገመት፣ በባሕሩ ዳርቻ የሚያዙት ከ100,000 ሰው 6 ያህል ብቻ ናቸው። ልዩነቱ 25 እጥፍ ነው። ነገሩን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ደግሞ የበሽታው ዋና መነሻ የሆነው ባክቴሪያ በሁለቱም ስፍራ ከአሥር አዋቂዎች በዘጠኙ ጨጓራ ውስጥ መገኘቱ ነው።

የዓለምን የጨጓራ ካንሰር ካርታ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው የሚገጥመው ጥያቄ ከናሪኞው ብዙም አይለይም። አንዱ አገር በበሽታው ሲጠቃ ጎረቤቱ ብዙም አይነካም፤ በአንድ አገር ውስጥም አንዱ አውራጃ ከሌላው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ዘር ብቻ፣ ወይም ምግብ ብቻ፣ ወይም ባክቴሪያ ብቻ ተብሎ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ማስረጃው ተሰብስቦ ሲታይ ግን ካርታው ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ የዛሬዎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ልጆች ሳሉ እንዴት እንደኖሩ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር መባል አለበት። የበሽታው መከሰት መጠን ሲባል በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100,000 ሰዎች መካከል ስንቱ በበሽታው አዲስ ተይዘው ተገኙ ማለት ነው። የጨጓራ ካንሰር በአብዛኛው ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣ በሽታ በመሆኑ፣ አረጋውያን የሚበዙበትን አገር ወጣቶች ከሚበዙበት አገር ጋር እንዲሁ ማነጻጸር ያሳስታል። ስለዚህ ባለሙያዎች ሁለቱም አገሮች አንድ ዓይነት የዕድሜ ስብጥር ቢኖራቸው ኖሮ መጠኑ ስንት ይሆን ነበር ብለው ያሰላሉ፤ በዕድሜ የተስተካከለ መጠን የሚባለው ይህ ነው። መጠንና ብዛትም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በብዛት ከሄድን ከዓለም አዲስ ታማሚዎች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በቻይና ይገኛሉ፤ በመጠን ግን ሞንጎሊያን የመሰለች ትንሽ ሕዝብ ያላት አገር ቻይናን ትበልጣለች።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደሚገምተው፣ በ2022 በዓለም ዙሪያ 968,000 ያህል ሰዎች የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ሲታወቅ 660,000 ያህል ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል፤ በአዲስ ታማሚም ሆነ በሞት ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ አምስተኛው ነው። ከፍተኛው መጠን የሚታየው በምሥራቅ እስያ ሲሆን፣ በ2020 ግምት በወንዶች ቀዳሚዋ ጃፓን ነበረች፦ ከ100,000 ወንዶች 48 ያህል። በሴቶች ደግሞ ሞንጎሊያ 21 በሚጠጋ መጠን ትመራ ነበር። ደቡብ ኮሪያም ከእነዚህ ብዙም አትርቅም። ከምሥራቅ እስያ ቀጥሎ ምሥራቅ አውሮፓና የአንዲስን ተራሮች ተከትለው የተዘረጉት የደቡብ አሜሪካ አገሮች ይመጣሉ። በሰሜን አሜሪካና በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ግን በወንዶች መካከል መጠኑ ከ100,000 ወደ 5 ዝቅ ይላል። በየትም ቦታ ወንዶች ከሴቶች እጥፍ ያህል ይጠቃሉ፤ ለዚህ ሲጋራ ከፊል ምክንያት ቢሆንም ሁሉንም አያብራራም።

ይህ ሁሉ በአገር ደረጃ የተሰላ አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ይሸፍናል። በኢራን ሰሜን ምዕራብ ያለችው አርዳቢል በአገሪቱ ከፍተኛው መጠን የሚታይባት ስትሆን በደቡብ ያለችው ኬርማን በእጅጉ ታንሳለች። በሕንድ የጨጓራ ካንሰር በጥቅሉ ብዙ አይደለም፤ በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ባለችው በሚዞራም ግን መጠኑ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል እጅግ ይበልጣል። በሚዞራም ሰዎች ትዊቡር የሚባል፣ የትምባሆ ጭስ በውኃ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ የሚዘጋጅ ፈሳሽ በአፋቸው ይይዛሉ ወይም ይጠጣሉ፤ በጭስ የደረቀ ሥጋም ይወዳሉ። በዚያ የተደረጉ ጥናቶች ሁለቱንም ልማዶች ከበሽታው ጋር አያይዘዋቸዋል።

አሁን ወደ ባክቴሪያው እንምጣ። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች የጨጓራ አሲድ ማንኛውንም ተሐዋሲ ስለሚገድል በዚያ የሚኖር ሕያው ነገር የለም ብለው ያስተምሩ ነበር። በ1979 በአውስትራሊያዋ ከተማ በፐርዝ ይሠሩ የነበሩት የፓቶሎጂ ሐኪሙ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና መርምሮ በሽታን የሚለይ ባለሙያ) ሮቢን ዋረን ከታማሚዎች ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጥምዝምዝ ተሐዋስያን አዩ። ከወጣቱ ሐኪም ከባሪ ማርሻል ጋር ሆነው ባክቴሪያውን በላብራቶሪ ለማሳደግ ደጋግመው ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም፤ ናሙናው ከሁለት ቀን በኋላ ምንም አልታየበትም እየተባለ ይጣል ነበርና። በ1982 የፋሲካ በዓል ሰሞን ግን ናሙናው ሳይነካ ለቀናት ቆየ፤ ሲመለሱም ባክቴሪያው አድጎ አገኙት። ለካ ጉድለቱ የትዕግሥት ኖሯል። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሳቸው ጠጥተው ጨጓራቸው ተቆጣ። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ የምንለው ይህ ባክቴሪያ በ1994 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመደበ፤ ሁለቱ ሐኪሞችም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኤች ፓይሎሪ በአሲድ ውስጥ የሚኖርበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚለውጥ ኢንዛይም ያመነጭና በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርዳል፤ ከዚያም በጨጓራው የውስጥ ሽፋን ላይ ካለው ንፍጥ ሥር ይሸጎጣል። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር ግን መቼ እንደሚገባ ነው። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያውን የሚያገኘው በልጅነቱ፣ በተለይም ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በማይገኝበት ቤት በቀላሉ ይተላለፋል። አንዴ ከገባ ደግሞ ካልታከመ በቀር በአብዛኛው ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ ያስቀመጡት ኮሎምቢያዊው ፓቶሎጂስት ፔላዮ ኮሬያ ሲሆኑ፣ ሥራቸውም የተመሠረተው በዚያችው በናሪኞ ላይ ነው። ሐሳባቸውን በ1975 ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ አደረጉ። መጀመሪያ የጨጓራው ሽፋን ሥር የሰደደ ብግነት፣ ማለትም መቆጣትና ማበጥ፣ ይይዘዋል፤ ለዓመታት ሲቆጣ የኖረው ሽፋን ይሳሳል፣ አሲድ አመንጪ እጢዎቹም ይጠፋሉ፤ በቦታቸው የአንጀት ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ይበቅላል፤ ይህም ቅርጹ እየተበላሸ ሄዶ በመጨረሻ ካንሰር ይሆናል። ጉዞው አሥርት ዓመታትን የሚፈጅ ነው፤ የሚበዙት ተሸካሚዎች ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች መካከል ካንሰር የሚይዛቸው ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በምርመራ ኤች ፓይሎሪ ተገኘብኝ ብሎ የሚደነግጥ ሰው፣ ወይም በዕለት ንግግራችን «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሁሉ ካንሰር ደጁ ቆሟል ማለት አይደለም። በተቃራኒው በኩል ግን ከጨጓራው የላይኛ ጫፍ በታች የሚነሳው ካንሰር 90 በመቶ ያህሉ ከዚህ ባክቴሪያ ጋር የተያያዘ ነው።

ታዲያ ከተሸካሚዎቹ መካከል ጉዞውን እስከ መጨረሻው የሚሄደው ማነው? የተራራውንና የባሕሩን ልዩነት የሚያስረዳው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

አንዱ ምክንያት ባክቴሪያው ራሱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ዝርያ ካግኤ የሚባል ፕሮቲን ወደ ጨጓራ ሕዋስ በመርፌ የመውጋት ያህል ያስገባል፤ በምሥራቅ እስያ የሚበዛው የካግኤ ዓይነት ደግሞ ከሌላው ይልቅ ኃይለኛ ነው። በጃፓን ደቡባዊ ጫፍ ባለችው በኦኪናዋ የጨጓራ ካንሰር ከዋናዎቹ ደሴቶች ያነሰ ሲሆን፣ በዚያ ከሚገኘው ባክቴሪያ ውስጥ የምሥራቅ እስያው ዓይነት ያልሆነው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በናሪኞ ደግሞ በ2014 የወጣ ጥናት አስገራሚ ነገር አሳየ። ባክቴሪያው ከሰው ጋር ከአፍሪካ ወጥቶ በየአህጉሩ አብሮት የተለወጠ በመሆኑ የራሱ የዘር ሐረግ አለው። የባሕሩ ዳርቻ ነዋሪዎች በአብዛኛው የአፍሪካ ዘር ያላቸው ሲሆኑ ባክቴሪያቸውም በአመዛኙ የአፍሪካ ነው፤ በኖረ ትውውቅ ተቻችለው የሚኖሩ ይመስላሉ። የተራራዎቹ ነዋሪዎች ግን በአብዛኛው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘር ሆነው ሳለ በጨጓራቸው ያለው ባክቴሪያ አውሮፓዊ መሠረት ያለው ነው። የከፋው ጉዳት የታየው ሰውና ባክቴሪያ ባልተዛመዱበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ጨው ነው። በጨው የታሸ ዓሣና አትክልት፣ በጭስ የደረቀ ሥጋ የጨጓራውን ሽፋን እየላጠ ለባክቴሪያው ያመቻቸዋል። በጃፓን ውስጥ የጨው ፍጆታቸው ከፍተኛ ሆኖ የኖረው እንደ አኪታ ያሉ የሰሜን አውራጃዎች ናቸው፤ የጨጓራ ካንሰርም የሚበዛው በእነርሱ ነው። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት በተቃራኒው የሚከላከል ይመስላል። በባሕሩ ዳርቻ በናሪኞ ደግሞ የአንጀት ትላትል ብዛት ሰውነት ለባክቴሪያው የሚሰጠውን የብግነት ምላሽ ሳያበርደው አልቀረም የሚል አሳማኝ ሐሳብ አለ።

እዚህ ላይ ስለ አፍሪካ ዝቅተኛ መጠን ትንሽ ልቆይ። በአህጉሩ ኤች ፓይሎሪ እጅግ የተስፋፋ ሆኖ ሳለ ካንሰሩ ጥቂት መሆኑ በ1992 «የአፍሪካ እንቆቅልሽ» የሚል ስም ወጣለት፤ ብዙ ተጽፎበታልም። ከላይ የጠቀስነው የሰውና የባክቴሪያ መላመድ ከፊሉን ሊፈታው ይችላል። ነገር ግን እንቆቅልሹን በሙሉ ልብ ከመቀበል በፊት ማን እንደቆጠረ መጠየቅ ተገቢ ነው። የጨጓራ ካንሰር የሚታወቀው ቱቦ ላይ በተገጠመ ካሜራ፣ ማለትም በኢንዶስኮፒ ታይቶ ናሙና ሲወሰድለት ነው። መሣሪያው በሌለበት ሰው ከስቶ፣ ምግብ አልወርድ ብሎት ቤቱ ይሞታል፤ በምንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የካንሰር መዝገብ ያላቸው ከተሞችም የሚሸፍኑት ከአህጉሩ ሕዝብ ጥቂቱን ነው፤ የቀረው የሚሞላው በስሌት ነው። በእኔ ግምት እንቆቅልሹ ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉም ያልተቆጠረ ሞት ነው።

የቦታው ለውጥ ሰውን ምን ያህል እንደሚለውጠው ያሳዩት ስደተኞች ናቸው። ከጃፓን ወደ ሃዋይ የሄዱ ሰዎች የጨጓራ ካንሰር መጠናቸው የትውልድ አገራቸውን ያህል ከፍተኛ ሆኖ ሲቆይ፣ በሃዋይ የተወለዱት ልጆቻቸው ግን በግልጽ ያነሰ መጠን ነበራቸው። ደማቸው አንድ ነው፤ የተለየው ልጅነታቸው ነው። አባትዬው መርከብ ሲሳፈር ባክቴሪያውን በጨጓራው ይዞ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢበላ ያለፈውን ሊሽረው አልቻለም።

ይህ ከተያዘ የጊዜው ለውጥ አብሮ ይገባል። በ1930 ገደማ በአሜሪካ ወንዶችን በመግደል ከካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው የጨጓራ ካንሰር ነበር። ዛሬ በዚያው አገር ከዋነኞቹ ተርታ ወጥቷል። በዓለም ደረጃም እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ሰው በመግደል የሚታወቀው ካንሰር እርሱ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሳንባ ካንሰር ቦታውን ወሰደ። ይህን መቀነስ ማንም አላቀደውም፤ በምዕራቡ ዓለም መጠኑ መውረድ ሲጀምር ባክቴሪያው ገና አልታወቀም፣ ክትባትም ሆነ ዘመቻ አልነበረም። ጽሑፎች «ያልታቀደ ድል» ይሉታል።

ከሠሩት ነገሮች አንዱ ማቀዝቀዣ ነው። ፍሪጅ ከመግባቱ በፊት ምግብ እንዳይበላሽ በጨው ይታሽ፣ በጭስ ይደርቅ፣ በኮምጣጤ ይዘፈዘፍ ነበር፤ አትክልትና ፍራፍሬም በወቅቱ ብቻ ይበላል። አንድ ነጭ ሣጥን ወጥ ቤት ሲገባ ጨው ከቤተሰቡ ማዕድ ቀነሰ፣ ትኩስ ነገር ዓመቱን ሙሉ ተገኘ። ከዚህ የበለጠ የሠራው ግን የቧንቧ ውኃና የቤተሰብ ማነስ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የመቀነሱ ሁኔታ ነው፦ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁሉም ዕድሜ ላይ እኩል አልቀነሰም፤ በኋላ የተወለደ ትውልድ ሁሉ ከቀደመው ያነሰ መጠን እየያዘ ነው ያደገው። በድህነት ዘመን የተወለዱ ጃፓናውያን አብዛኞቹ ባክቴሪያውን ተሸካሚ ሲሆኑ፣ ከብልጽግናው ወዲህ የተወለዱት ልጅ ልጆቻቸው ዘንድ ተሸካሚ ማግኘት ብርቅ እየሆነ መጥቷል። ስለዚህ አንድ አገር ዛሬ የሚመዘግበው የጨጓራ ካንሰር የዛሬውን ኑሮውን አያሳይም፤ ከ50 እና ከ60 ዓመት በፊት የነበረውን ውኃና ማደሪያውን ነው የሚያሳየው።

መቀነሱ ግን ሁሉንም አይጨምርም። የጨጓራ ካንሰር በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ጨጓራው ከምግብ ቧንቧ ጋር በሚጋጠምበት ላይኛው ጫፍ የሚነሳው ካንሰር ጠባዩ የተለየ ነው። በሀብታም ምዕራባውያን አገሮች ይህኛው የሚያያዘው ከውፍረትና አሲድ ወደ ላይ ከመመለስ ጋር ነው፤ የታችኛው ካንሰር ሲወርድ እርሱ በአንዳንድ አገሮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወጥቷል፣ በሌሎችም ባለበት ቆሟል። ሁለቱን ደምሮ የሚያቀርብ ሠንጠረዥ ይህን ይሸፍነዋል። በአሜሪካም ከ40 ዓመት በታች ባሉ ነጮች ላይ የታችኛው የጨጓራ ክፍል ካንሰር መጨመሩ ታይቷል፤ ሰውነት የራሱን ጨጓራ የሚያጠቃበት የብግነት ዓይነት እንደ አንድ ምክንያት ይጠረጠራል።

የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ ቁጥሮች ሲነበቡ ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። የሚፈልግ ያገኛል። ጃፓን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በራጅ፣ ኋላም በኢንዶስኮፒ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ሰዎች ትመረምራለች። ደቡብ ኮሪያ በበኩሏ ዕድሜያቸው 40 የሞላ ዜጎች በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመሩ የሚያደርግ አገር አቀፍ የልየታ ፕሮግራም አላት። እንዲህ ሲሆን የተገኘው ካንሰር ብዛት ይጨምራል። ከዚህም ሌላ የጃፓን ፓቶሎጂስቶች ካንሰር ብለው የሚጽፉትን አንዳንድ የሕዋስ ለውጥ ምዕራባውያን ባልደረቦቻቸው ገና ካንሰር ያልደረሰ ብለው ይጽፉት እንደነበር በ1990ዎቹ ጎን ለጎን ተፈትሾ ታይቷል። ይህ ሁሉ ተቀንሶም ቢሆን በምሥራቅ እስያ በሽታው በእርግጥ ብዙ ነው፤ የልየታው ጥቅም ደግሞ በሞት ላይ ይታያል። ከ2010 እስከ 2014 በሽታው ከታወቀባቸው ሰዎች መካከል በደቡብ ኮሪያ 69 በመቶ፣ በጃፓን 60 በመቶ ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲኖሩ፣ በአብዛኛው የዓለም ክፍል ግን እዚያ የሚደርሱት ከ20 እስከ 40 በመቶ ናቸው።

ባክቴሪያውን በመድኃኒት ማጥፋት ካርታውን ይለውጠው እንደሆነም ተሞክሯል። በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር፣ በሽታው እጅግ በሚበዛባት በሊንቹ፣ በ1995 ለተሸካሚዎች የሁለት ሳምንት መድኃኒት ተሰጠ፤ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ የጨጓራ ካንሰር ካልወሰዱት በ39 በመቶ አንሶ ተገኘ። የታይዋን በሆኑት በማትሱ ደሴቶች ከ2004 ጀምሮ አዋቂ ነዋሪዎች በትንፋሽ ምርመራ እየተለዩ ሲታከሙ፣ የተሸካሚዎች ድርሻ ከ64 ወደ 15 በመቶ ወረደ፤ የካንሰሩ መከሰትም ቀድሞ ከነበረው አንጻር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ጃፓን ከ2013 ጀምሮ በባክቴሪያው ምክንያት ጨጓራው የተቆጣ ሰው ሁሉ በመድን ሽፋን እንዲታከም ፈቅዳለች። ችግሩ ባክቴሪያው ለተለመዱት አንቲባዮቲኮች እየደነደነ መምጣቱ ነው፤ መድኃኒት ያለ ልክ በሚሸጥበት ስፍራ ደግሞ ይህ ይብሳል። የጨጓራው ሽፋን አስቀድሞ ለሳሳበት ሰውም ሕክምናው ያለው ጥቅም ያንሳል።

ወደፊት የሚሆነው ሁለት ፊት አለው። በዕድሜ የተስተካከለው መጠን በአብዛኛው ዓለም መውረዱን ይቀጥላል፤ ሆኖም የሕዝብ ቁጥርና የአረጋውያን ብዛት ከዚያ በፈጠነ ሁኔታ ስለሚያድጉ፣ የዛሬው መጠን ባለበት ቢጸና በ2040 አዲስ ታማሚዎች በዓመት ወደ 1.8 ሚሊዮን ሊደርሱ እንደሚችሉ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ተመራማሪዎች አስልተዋል። የዚሁ ኤጀንሲ ተመራማሪዎች በ2025 ባወጡት ሌላ ስሌት፣ ከ2008 እስከ 2017 ከተወለዱት ልጆች መካከል ሁኔታው ካልተለወጠ 15.6 ሚሊዮን ያህሉ በዕድሜያቸው የጨጓራ ካንሰር ይይዛቸዋል፤ ከእነዚህም 76 በመቶው በኤች ፓይሎሪ ሳቢያ ነው። ከ15.6 ሚሊዮኑ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በእስያ የሚገኙ ናቸው። ዛሬ በካርታው ላይ ደብዛዛ ቀለም የተቀባው ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ግን፣ በእነዚህ ልጆች የሕይወት ዘመን ከ2022ቱ ግምት ቢያንስ ስድስት እጥፍ የሚሆን ሸክም ሊገጥመው እንደሚችል ያው ስሌት ያሳያል፤ ባክቴሪያው ድሮም በዚያ አለ፣ ከእንግዲህ የሚጨመረው እስከ እርጅና የሚደርሰው ሰው ብዛት ነው።